ጥቁር ይሁን የተባለው ድራም ለምን ቡናማ ሆነ

ጉዳዩ የአንድ አሮጌ ድራም ነው። በእግር የሚመታ ባለ 22 ኢንች ቤዝ፣ ቶም የሚባሉት ባለ 12 እና ባለ 13 መካከለኛ ከበሮዎች፣ መሬት ላይ የሚቆም ባለ 16 ፍሎር ቶም፣ ከሥሩ ሽቦ ያለው ባለ 14 የብረት ስኔር። ባለቤቱ የአክስቴ ልጅ ነው። በሠርግ ባንድ ይመታል። ሠርግ በሌለበት የጾም ወራት ደግሞ ልጆች ያስተምራል። ድራሙን ከተበተነ ባንድ በርካሽ ገዝቶ፣ ፒያሳ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ባለው የቤተሰቡ ግቢ በረንዳ ላይ ሸራ አልብሶ አስቀምጦት ነበር።

የቤት ዕቃ ማደስ እንደምወድ ስለሚያውቅ እኔ ጋ መጣ። የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው። "ጥቁር እናድርገው። እንደ አዲስ መኪና የሚያበራ ጥቁር።"

ጥቁር አልሆነም። ደብዘዝ ያለ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው የሆነው። እሱም አሁን ወዶታል፤ መጀመሪያ ላይ ግን አኩርፎ ነበር። እኔ እንደማየው፣ ቤቱ ውስጥ ድራም ለመቀባት ያሰበ ሰው ሁሉ "ምን ቀለም ይሻላል?" ብሎ ነው የሚጀምረው። መቅደም ያለበት ግን "የት ሆኜ ነው የምቀባው?" የሚለው ነው። እሱ ከተመለሰ ቀለሙ ራሱ ይመጣል።

ግቢውና ከሰሉ

ግቢው የድሮ የፒያሳ ግቢ ነው። በርከት ያሉ ቤተሰቦች ይኖሩበታል። የውሃ ቧንቧው የጋራ ነው፤ የልብስ ገመዱም በረንዳውም እንደዚሁ። ቡና የሚፈላው ከሰል ላይ ነው። መብራት ሲጠፋማ ወጡም ሽሮውም እዚያው ይጣዳል። ይህን ልብ በሉልኝ።

የሚያበራ ጥቁር ከተፈለገ የታወቁ መንገዶች አሉ። አንደኛው ናይትሮ ነው፤ ፈርኒቸር ቤቶች በኮምፕሬሰር የሚረጩት። ቶሎ ይደርቃል፣ ሲታሽ ይታዘዛል፣ በላዩ ሲደገምበትም ከሥሩ ጋር ይዋሃዳል። ለእንጨት ይህን ያህል የሚመች ቀለም ጥቂት ነው። ጣጣው የሚቀጥንበት ቲነር ነው። የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል። ወደ ላይ ወጥቶ አይበተንም፤ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ጥግ ላይ የተቀጣጠለ ከሰል ካገኘ እሳቱ ትነቱን ተከትሎ ወደ ረጪው ይመለሳል። በዚያ ላይ አየሩ እርጥብ ከሆነ ናይትሮ ሲደርቅ ይነጣል። ነጭ ላይ ማንም አያየውም። ጥቁር ላይ ግን ወዲያው ያስታውቃል።

ሁለተኛው ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቀው የመኪና ቀለም ነው። ውበቱን አልክድም። ማጠንከሪያው ውስጥ ግን አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለ። ሲረጭ ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ አስም ሊያመጣ ይችላል። ሰውነት አንዴ ከተቆጣበት በኋላ ጥቂቱም ይበቃዋል። ከኮቪድ ጊዜ የተረፈች ማስክ አታስቆመውም። ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣ ጭንብልና የተዘጋ ክፍል ይፈልጋል። ሕፃናት ኳስ በሚያንከባልሉበት ግቢ የሚሞከር ነገር አይደለም።

"ታዲያ ጋራዥ እንስጠው" አለ። ሄደን ጠየቅን። ሰውየው ለመሥራት ፈቃደኛ ነበር፤ የጠራው ዋጋ ግን ድራሙ ከተገዛበት ብዙም አይርቅም። ተመለስን።

የአክስቴ ልጅ አሁንም ናይትሮን አልተወም። "በሌሊት እንረጫለን፣ ማን ያውቃል" ይላል። ይህን ሲል እማማ ሰሙ። እማማ ከበረንዳው ትይዩ ያሉ ጎረቤት ናቸው። የቡና መቁያውን እንደያዙ ብቅ አሉ።

"እናንተ ልጆች፣ ይሄ የምትሉት ነገር ይነዳል?"

"አዎ እማማ፣ ይነዳል።"

"እንግዲያው ወይ እኔ ቡናዬን ልተው፣ ወይ እናንተ ቀለማችሁን ተዉ።"

የእማማ ቡና ይቅር ብሎ የሚከራከር ሰው ግቢው ውስጥ አልተገኘም። የቀረን መንገድ አንድ ነበር። እንጨቱን አቅልሞ፣ ዘይት ነክ ቫርኒሽ በጨርቅ እየነከሩ ስስ ስስ አድርጎ መቀባት። ኮምፕሬሰር የለም፣ በአየር ላይ የሚበተን ነገር የለም። አብሮት የሚመጣው መልክ ደግሞ ደብዛዛ ቡናማ ነው። መስታወት የመሰለ ጥቁር በዚህ መንገድ በቀላሉ አይገኝም።

የጾሙ ወቅት

ሌላው ነገር ጊዜው ነው። ባለቤቱ ድራሙን ከእጁ መልቀቅ የሚችለው ሠርግ በሌለበት ወቅት ብቻ ነው። ሥራው ስለዚህ ጾመ ነቢያት ውስጥ ገባ፤ ከኅዳር 15 እስከ ገና። ጥር ሲገባ ሠርጉ በሠርግ ላይ ነው። ወቅቱ ለቫርኒሽም ይስማማዋል፤ ዝናብ የለም። አቧራው ግን አይጣል ነው። ፒያሳ በዚህ የግንባታ ዘመን ምን እንደሚመስል የምታውቁት ነው። ሌሊቱም ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ ቫርኒሽ ውጭ ካደረ አይደርቅም።

መፍታቱ

ድራሙ የአምራቹ ስም ያለበት ባጅ የለውም፤ ተነቅሏል። ፐርል የተባለው የጃፓን ኩባንያ ኤክስፖርት የሚባለውን ሞዴል በ1982 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ካወጣ ወዲህ፣ የእሱን መልክ የያዙ ርካሽ ድራሞች ከእስያ በገፍ ወጥተዋል። ይሄም ከእነሱ አንዱ ይመስለኛል። ልባሱ ዕንቁ የሚመስል ነጭ ፕላስቲክ ነበር፤ ጭስና ፀሐይ አጫጭሶ ወደ ቢጫ ወስዶታል። የቤዙን የእንጨት ቀለበት ደግሞ አንድ ሰው ቀይ የበር ቀለም በብሩሽ ለድፎበታል።

መፍታት ከባድ አይደለም። አድካሚው እንዳይቀላቀል መጠበቁ ነው። እያንዳንዱ ድራም የራሱ ፌስታል ተሰጠው። ብሎኑ፣ ሮንዴላው፣ ብሎን መያዣው ሁሉ እዚያው ገባ። ፌስታሉ ላይ በማርከር ተጻፈ። ከመፈታቱ በፊትም በስልክ ፎቶ ተነሳ። ብሎን መያዣዎቹ ውስጥ እንደ ብዙ የድሮ ድራሞች ትንንሽ ሞላዎች አሉ። ድራሙ በተመታ ቁጥር ይንጫጫሉ። ጥጥ ጠቅጠቅ ሲደረግባቸው ዝም አሉ።

የዛገውን ክሮም በአልሙኒየም ፎይልና በውሃ አሸነው። ፎይሉን ጨምድዶ፣ ውሃ ነክሮ ማሸት ነው። አልሙኒየም ከክሮም ስለሚለሰልስ አይቧጭረውም፣ ዝገቱን ግን ያነሳል። ዝገት ቆርጥሞ የገባባቸው ነጥቦች አልጠፉም። እንደገና ክሮም ማስነከር ለዚህ ድራም ገንዘብ ማባከን ነው። ረጃጅሞቹ ብሎኖች ነጭ ጋዝ ውስጥ አደሩ፤ ከእማማ ከሰል ርቆ፣ ክዳን ባለው ቆርቆሮ። ጥርሳቸው ያለቀ ብሎኖችም ነበሩ። የብዙ ድራሞች ረጅም ብሎን በኢንች የሚለካ ጥርስ ስላለው፣ ከማንኛውም ሱቅ የሚገዛ ሜትሪክ ብሎን ሁለት ዙር ሄዶ ይነክሳል። መተኪያው ምናለሽ ተራ ተገኘ፤ ከሌላ የተሰባበረ ድራም የወጣ።

ልባሱን ማሞቅ ከመጀመር በፊት ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በጣም የቆዩ ድራሞች ልባስ ሴሉሎይድ ሊሆን ይችላል። ሴሉሎይድ እሳት ከነካው አጥፉልኝ ለማለት እንኳ ጊዜ አይሰጥም። በጣት ጠንከር ተደርጎ ሲታሽ የካምፎር ሽታ አለው። የኛው አልሸተተም፤ የድራሙ ዕድሜም ፒቪሲ ለሚባለው ፕላስቲክ የቀረበ ነው። ስለዚህ በፀጉር ማድረቂያ ከመጋጠሚያው ጀምረን እያሞቅን፣ በስፓቱላ እያነሳን ላጥነው። መቸኮል አይወድም። ሙጫው ሲለሰልስ ልባሱ ራሱ ይከተላል። የባለ 13ቱ ቶም ሙጫ ግን እንጨቱን አጥብቆ ይዞት ኖሮ የላይኛውን ስስ ንጣይ ይዞ ተነሳ። ፕላይውድ ነውና ይህ ያጋጥማል። ንጣዩን ኮላ ቀብተን ወደ ቦታው መለስነውና ዙሪያውን በብስክሌት ከመነዳሪ ጠቅልለን አሳደርነው። ለክብ ነገር ከከመነዳሪ የተሻለ ማሰሪያ የለም። በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይጨብጣል።

ቀይ የበር ቀለሙን በደረቁ አልፋቅነውም። የቆየ የብረት በር ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። ዛሬ በአገራችን ደንብ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ አይበልጥም። ያ ቀለም መቼ እንደተመረተ ግን ማን ያውቃል? ውሃ እየነከርን በብርጭቆ ወረቀት አሸነው። የወጣው ዝቃጭ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ተጣለ፤ ልጆቹም በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ አልነበሩም።

ከንፈሩ

ከዚህ ሥራ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ቀፎው፣ ማለትም የድራሙ ክብ የእንጨት አካል፣ ጫፍ ላይ ቆዳው የሚያርፍበት ሾል ያለ ከንፈር አለ። ድራም ተቃኘ አልተቃኘ የሚባለው እዚያ ላይ ነው። የኛ ከበሮ ቆዳ እርጥብ ሆኖ ስለሚወጠር፣ ሲደርቅ ግንዱን ይመስላል፤ ግንዱ ትንሽ ቢጎረብጥ ይታገሠዋል። የዛሬ የድራም ቆዳ ግን ፕላስቲክ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ እንደ ፈረንጆች እነ ኢቫንስና ሬሞ በሰፊው ካመጡት ወዲህ፣ ቆዳው ብረት ቀለበት ላይ ተጣብቆ፣ ቅርጹ ተወስኖ ነው የሚመጣው። ከንፈሩ ከጎበጠ የሚታረቅ የለም።

ማታ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን መብራቱን አጠፋን። የመመገቢያ ጠረጴዛው ላይ ወፍራም መስታወት አለ። ስልኩን መብራቱን አብርተን መስታወቱ ላይ አስቀመጥን፤ ቶሙን በላዩ ደፋነው። ከንፈሩ ዙሪያውን ካረፈ ብርሃን አይወጣም። የባለ 12ቱ አልወጣም። ፍሎር ቶሙ ላይ ከወዲያ ከወዲህ ብልጭ የሚል ነገር አለ፤ የሚያሳስብ አይደለም። ባለ 13ቱ ሲደፋ ግን በአራት ጣት ስፋት ላይ ቀጭን የብርሃን መስመር ታየ። ወረቀት ያሳልፋል፤ ጥፍር አያስገባም። የአክስቴ ልጅ ጉንጩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ አየውና "አሃ! ለዚህ ነዋ!" አለ። ያ ቶም ከገዛው ጊዜ ጀምሮ አልቃኝ ብሎት፣ በየሠርጉ በፕላስተር እያፈነ ነው የመታው።

መፍትሔው ትዕግሥት ብቻ ነው። 120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። የከንፈሩ ጫፍ ዙሪያውን በእርሳስ ተሞነጫጨረ። ከዚያ ቶሙን ደፍቶ፣ ሳይጫኑ ማዞር። ትንሽ ዞሮ ይነሳል፣ ይታያል። የእርሳሱ ጭረት የጠፋበት ከፍ ያለው ቦታ ነው፤ ጭረቱ ሳይነካ የቀረበት ዝቅ ያለው። እጅ ባለማወቅ አንድ ጎን እንዳያጋድል ቶሙን በየጊዜው ሩብ ዙር እያዞሩ መያዝ ያስፈልጋል። ያ የአራት ጣት ቦታ ላይ ያለው እርሳስ ሲጠፋ ወደ 220 አለፍን። መብራቱ እንደገና ጠፋ፣ ስልኩ በራ። ብርሃን የለም።

ሲታሽ ጫፉ ትንሽ ስለሚጠፈጠፍ፣ በጥሩ ወረቀት ቀስ ተብሎ ወደ ሾጣጣነቱ ተመለሰ። በመጨረሻ ነጭ ሻማ ታሸበት። ቆዳው ሲወጠር እንዲንሸራተት ያግዘዋል።

ቀለም የድራምን ድምፅ ይለውጣል የሚሉ ሰዎች አሉ። ስስ ቫርኒሽ የሚያመጣውን ልዩነት በጆሮው የለየ ሰው አላጋጠመኝም። ከንፈሩ አጠገብ የተከመረ ወፍራም ቀለም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቀፎ የሚሠራው ከቆዳው ቀለበት በጥቂቱ ጠበብ ብሎ ነው፤ ቆዳው ያለ ግፊያ እንዲወርድበት። ቀለም ያንን ክፍተት ከሞላው ቆዳው አንድ ጎኑ ላይ ይነክሳል። ስለዚህ ከንፈሩና ከሥሩ ያለው አካባቢ በወረቀት ፕላስተር ተሸፈነ። ውስጡም አልተቀባም።

ቀለሙ

ግቢው ውስጥ ከፈርኒቸር ሥራ በጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ አሉ። ቀፎዎቹ ተልጠው በረንዳው ላይ ተደርድረው ሲያዩ በትሩን ተደግፈው ቆሙ። የአክስቴ ልጅ አሁንም "ጋሼ፣ ጥቁር ቢሆን አያምርም?" ይላል።

"ያምራል ልጄ። ግን የሚያበራ ጥቁር ነገረኛ ነው፤ ያለህን ጉድ ሁሉ ለእንግዳ ያሳያል። ይሄ እንጨት ደግሞ ጉዱ ብዙ ነው።"

እውነታቸውን ነው። ከልባስ በታች እንዲደበቅ ታስቦ የተሠራ ቀፎ ውብ እንጨት አይሆንም። መጋጠሚያው ይታያል። የቀድሞ ባለቤቶች የበሷቸው ቀዳዳዎችም ነበሩ፤ እነሱ በእንጨት ተወትፈው በስቱኮ ተደፈኑ። ስቱኮ ደግሞ እንደ እንጨት ቀለም አይጠጣም፤ ከቀለሙ በኋላ ነጭ ሆኖ ያፈጥጣል። የጋሼ ዘዴ ስቱኮው ከመለሰኑ በፊት ቡናማ የዱቄት ቀለም መቀላቀል ነው። ያም ሆኖ ፈጽሞ አይጠፋም። ስለዚህ ድራሞቹ ሲገጠሙ መጋጠሚያውና ጥገናው ወደ መቺው እንዲዞሩ አደረግን። ሠርገኛ ከዚያ በኩል አያይም።

የብርጭቆ ወረቀቱ ከ120 ቁጥር ወደ 180 ከዚያ ወደ 220 ሄደ፤ ሁልጊዜ በእንጨቱ መስመር። አቧራው በእርጥብ ጨርቅ ተጠረገ። እንጨት ውስጥ የሚሰርገው ቡናማ ማቅለሚያ በጨርቅ ተቀባ፣ ሳይደርቅ ትርፉ ተጠረገ። ማቅለሚያው እንደደረቀ ቫርኒሹ በሲንተቲክ ቲነር ቀጥኖ ገባ። የናይትሮ ቲነር አይሆንም፤ ከዘይት ነክ ቫርኒሽ ጋር አይስማማም። ይህም ቲነር ነውና ይነዳል፤ ግን በጨርቅ የሚቀባው መጠን ትንሽ ነው፣ እማማም ቡናቸውን ካፈሉ በኋላ፣ ከሰሉ ጠፍቶ ነው የተቀባው። ቀቢው ከመጀመሩ በፊት የበረንዳው ወለል ውሃ ይረጭበታል። አቧራው ይተኛል። የተቀባው ቀፎ መነካት ሲችል ወደ ቤት ይገባል። በየድርቡ መካከል በ320 ለስለስ ተደርጎ ይታሻል፤ ያለዚያ የሚቀጥለው ድርብ አይይዝም።

ስለ ጨርቁ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ዘይት ነክ ቫርኒሽ ወይም የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ይችላል። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ ተጨማድዶ ከሆነ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ክብሪት አያስፈልገውም። የኛ ጨርቆች ልብስ ገመዱ ላይ ተዘርግተው ነው የደረቁት። እማማ "ይሄ ደግሞ የማን ልብስ ነው?" ብለው ጠየቁ። ነገርናቸው። ከዚያ በኋላ ራሳቸው ይዘረጉት ጀመር።

ቫርኒሽ ሲነካ የደረቀ መስሎ ውስጡ ገና ለስላሳ ነው። የሚጠነክረው በሳምንታት ነው። ቶሎ ብሎ ብረት የገጠመበት ሰው ብሎን መያዣው ሥር የማይለቅ ጠባሳ ያገኛል። የጾሙ ርዝመት እዚህ ላይ ጠቀመን። ቀፎዎቹ ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋው ጀርባ ተቀምጠው ገናን ጠበቁ።

የአክስቴ ልጅ ጥቁሩን ጨርሶ አላጣውም። የቤዙ ሁለት የእንጨት ቀለበቶች በብሩሽ በጥቁር ሲንተቲክ ተቀቡ። ቦታቸው ጠባብ ስለሆነ የብሩሽ መስመር አይታይባቸውም። ከቡናማው ጋርም ሄደዋል፤ እኔ ከጠበቅኩት በላይ።

መግጠሙ ከፎቶዎቹ ጋር ብዙ ጊዜ አልወሰደም። ብሎኖቹ ቫዝሊን ተቀቡ። መጀመሪያ ሁሉም በጣት ብቻ ተጠበቁ፤ ከዚያ በድራም ቁልፍ፣ አንዱን ካጠበቁ በኋላ ፊት ለፊቱ ወዳለው እየተሻገሩ። ባለ 13ቱ በየብሎኑ አጠገብ ሲነካ አንድ ዓይነት ድምፅ ሰጠ። ፕላስተሩ ተጣለ።

በጥር ከአንድ ሠርግ ሲመለሱ የቤዙ ጎን ሚኒባሱ በር ላይ ተፈገፈገ። በ400 አሸት አሸት አድርጎ፣ ቫርኒሽ በጨርቅ ነክሮ እዚያው በረንዳ ላይ አስተካከለው። የተረጨ ቀለም ቢሆን ወደ ረጪ ይመለስ ነበር። ቶሞቹ ላይ የገቡት የድሮዎቹ ቆዳዎች ናቸው። የአዲሶቹ ዋጋ ከቀለሙም፣ ከቫርኒሹም፣ ከወረቀቱም ድምር ስለሚበልጥ፣ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ባሉት ሠርጎች አጠራቅሞ ሊገዛቸው ነው።